አንጠጣም፤ ግን ምን እንበላለን? ምግብ፣ የሰውነት መቆጣት እና የጉበት ካንሰር



ከዙህር ሶላት በኋላ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለ ስለ ጉበት በሽታ ወሬ ተነሳ። አንድ ወንድማችን ፈገግ ብሎ፣ «አኺ፣ እሱ እኮ የጠጪዎች በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለ። ብዙዎቻችን ጮክ ብለን ባንናገረውም በልባችን የምናስበው ይህንኑ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ ከአስካሪ መጠጥ መራቃችን ከጉበት ዋና ዋና ጠላቶች አንዱን ከደጃችን መልሶልናል። አልኮል የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ጉበትን የሚጎዳው አልኮል ብቻ አይደለም። በሕይወቱ አንዲት ጠብታ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጉበቱ በስብ ሊሞላ፣ ሊቆጣ፣ ጠባሳ ሊያወጣ፣ በመጨረሻም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በየቀኑ የምንበላውና የምንጠጣው ሃላል ምግብ ከዚህ በሽታ ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ጥናቶች ምን እንደሚሉና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

የጉበት ካንሰር ለምን ያሳስበናል?

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንቶች ሥር የተቀመጠ፣ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከምንበላው ምግብ የተገኘው ንጥረ ነገር አብዛኛው ከአንጀት ወጥቶ በደም አማካኝነት መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ እርሱ ነው። ጉበት ይህን ተቀብሎ የሚያስፈልገውን ያስቀምጣል፣ ለሌሎች አካላት የሚሆነውን ያድላል፣ መርዛማውን ያከሽፋል። ስለዚህ የአመጋገባችንን ውጤት ከሁሉም ቀድሞ የሚቀበለው ጉበታችን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 866,000 ያህል ሰዎች አዲስ የጉበት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት ደግሞ 758,000 ያህል ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩዋቸው፤ የሚያዘውና የሚሞተው ቁጥር ተቀራራቢ ነው። በገዳይነቱ ከካንሰሮች ሁሉ ሦስተኛ የሆነውም ለዚህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉበት ብዙ ጉዳት ተሸክሞ ዝም ይላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ሰውነት ሲከሳ ብዙ ጊዜ በሽታው ርቆ ሄዷል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

መቆጣት (ብግነት) ምንድን ነው?

ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ቢላ ቢቆርጣችሁ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህን ነው ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት፤ በአማርኛ መቆጣት ወይም ብግነት እንለዋለን። ይህ ዓይነቱ ብግነት የአላህ ጸጋ ነው። ሰውነት ወራሪ ጀርሞችን ለመከላከልና ቁስሉን ለመጠገን ወታደሮቹን የሚያሰልፍበት መንገድ ነው። ሥራው ሲያልቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል።

ችግሩ ሌላኛው ዓይነት ነው። አመድ እንደለበሰ ፍም ሳይነድም ሳይጠፋም ለወራት፣ ለዓመታት የሚቆይ ብግነት አለ። አያምም፣ አያብጥም፤ ሰውየው ትምህርቱን ይማራል፣ ሥራውን ይሠራል። በደም ምርመራ ግን አንዳንድ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ከውፍረት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመምና ከአንዳንድ ካንሰሮች ጋር የሚያያዘው ይህ ዝምተኛ ብግነት ነው።

ከሳህን እስከ ጉበት

ምግብ ይህን ፍም እንዴት ያቀጣጥለዋል? ነገሩ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ስብ ነው። ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ከነጭ ዱቄት የተሠራ ምግብ ስናበዛ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በፍጥነት ይወጣል፤ ቆሽትም ብዙ ኢንሱሊን ለመልቀቅ ይገደዳል። ሰውነት ያልተጠቀመበትን ትርፍ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ከተራ ስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ የሚባል የስኳር ዓይነት ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ በብዛት የሚብላላው እዚያው ጉበት ውስጥ ነው። የሚረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ሲጨመርበት ስቡ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይከማቻል። ፋቲ ሊቨር የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት በመጠጥ ምክንያት የሚመጣውን አይጨምርም።

ሁለተኛው ደረጃ መቆጣት ነው። በስብ የተጨናነቁ ሕዋሳት መጎዳት ሲጀምሩ በጉበት ውስጥ በዘብነት የሚኖሩ ሕዋሳት የአደጋ ጥሪ ያሰማሉ፤ ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችንም ይለቃሉ። አሰር (ፋይበር) የሌለው ምግብ ስናዘወትር ደግሞ በአንጀታችን የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሚዛናቸው ይዛባል፤ የአንጀት ግድግዳም ይሳሳል። የባክቴሪያ ስብርባሪ ሾልኮ በቀጥታ ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር ይገባና እሳቱን ያባብሰዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ጠባሳ ነው። ብግነቱ ሳይበርድ ሲቆይ ጉበት የተጎዳውን ቦታ በጠባሳ መድፈን ይጀምራል። ጠባሳው ሲበዛ ለስላሳው ጉበት ይጠጥራል፤ ይህ ሲሮሲስ ይባላል።

አራተኛው ደረጃ ካንሰር ነው። ሕዋሳት ሲሞቱ የቀሩት እነርሱን ለመተካት ደጋግመው ይባዛሉ። አንድ ሕዋስ በተባዛ ቁጥር የዘረመል መረጃውን እንዳለ መገልበጥ አለበት። አንድን ረጅም ኪታብ በእጅ እንደ መገልበጥ አስቡት። ረጋ ብሎ አንድ ጊዜ የሚገለብጥ ሰው ስሕተቱ ጥቂት ነው። ጭስ በሞላበት ክፍል፣ በችኮላ፣ መቶ ጊዜ የሚገለብጥ ሰው ግን ስሕተቱ ይበዛል። ከእነዚህ ስሕተቶች አንዳንዶቹ ሕዋሱ ያለ ገደብ እንዲባዛ ካደረጉት ካንሰር ሆነ ማለት ነው።

አትደናገጡ። ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች እስከ መጨረሻው ደረጃ አይደርሱም። ጉዞውም ብዙ ጊዜ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ መመለስ ይቻላል። የሃያ ዓመት ወጣት ስለዚህ ማወቅ ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ጊዜው ገና በእጁ ነው።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሰው የሚበላው ምግብ ምን ያህል ብግነት ቀስቃሽ እንደሆነ የሚለካ የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያሻሻሉት መለኪያ 45 የምግብ ዓይነቶችንና ንጥረ ነገሮችን ይመዝናል። የሚረጋ ስብና የመሳሰሉት ነጥቡን ወደ ላይ ያወጡታል። አሰር፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርትና ሻይ ወደ ታች ያወርዱታል። ዝርዝሩን ላነበበ የእናቶቻችን ጓዳ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል።

በዚህ መለኪያ የተሠራ አንድ የጣሊያን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ 257 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን፣ በሽታው ከሌለባቸው 404 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። አመጋገባቸው በጣም ብግነት ቀስቃሽ የሆነው ሰዎች፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ119,000 በላይ ነርሶችንና የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፣ በሌላ ተመሳሳይ መለኪያ ሁለት እጥፍ ገደማ ልዩነት አገኘ።

እዚህ ላይ እንደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆም ብለን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ «ሁለት እጥፍ» ሲባል የማን ሁለት እጥፍ ብለን እንጠይቅ። በአሜሪካው ጥናት ከ119,000 ሰዎች በዚያ ሁሉ ዓመት የጉበት ካንሰር የያዛቸው 142 ብቻ ናቸው። የትንሽ ቁጥር እጥፍ ያው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ ጥናቶች ሰዎች የበሉትን ጠይቀው የመዘገቡ እንጂ ይህን ብሉ፣ ያን ተዉ ብለው የሞከሩ አይደሉም። ብግነት ቀስቃሽ ምግብ የሚያዘወትር ሰው እንቅስቃሴውም ያነሰ፣ ክብደቱም የጨመረ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ለማጣራት ይሞክራሉ፤ ፈጽሞ ማጥራት ግን አይቻልም። እንግዲህ ተገቢው ድምዳሜ፣ «ይህን የበላ ካንሰር ይይዘዋል» የሚል አይደለም። «አመጋገብ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ በእጃችን ያለም ነው» የሚል ነው።

በአገራችን ከምግብ በፊት የሚነሳው ጥያቄ

ስለ ምግብ ብቻ አውርተን ብንለያይ ትልቁን ነገር ደብቀን እንለያያለን። በአፍሪካ ለጉበት ካንሰር ዋናው መንስኤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው። ጉበትን ለዓመታት የሚያስቆጣው እርሱ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ሕፃን ሳለን አልተከተብንም ማለት ነው። የልደት ዘመናችሁን አስቡ።

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጋራ በምንጠቀምባቸው ስለታማ ነገሮች ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥና ጎን ለጎን በመስገድ አይተላለፍም። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበትን ወንድም ከማዕድ ማራቅ ዕውቀት የጎደለው በደል ነው። በዶርም ምላጭ መዋዋስ ግን ይቅር። ሒጃማ የምታሠሩም ምላጩ ከነማሸጊያው ፊታችሁ የሚከፈትና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል መሆኑን ጠይቁ።

ሁለተኛው አፍላቶክሲን ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ በተከማቸ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። መቁላትና መቀቀል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቻይናዋ ሻንጋይ በወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ አፍላቶክሲን ብቻውን አደጋውን ሦስት እጥፍ ገደማ፣ ቫይረሱ ብቻውን ሰባት እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ስድሳ እጥፍ ገደማ እንደሚያደርሱት አሳይቷል። የሻገተ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ለውዝ አፋችሁ ከገባ ዋጡት አትበሉ፤ ትፉት።

ሦስተኛው የፈተና ሰሞን ወዳጅ የሚመስለው ጫት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር እንደሚያያዝና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ዝምድናውም እንደሚጠነክር አመልክቷል። አብሮት የሚወርደው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲታከልበት የጉበት ሸክም ይደራረባል።

ወደ ማዕዳችን እንመለስ

ብዙ ተማሪ «ጤናማ ምግብ ገንዘብ ይጠይቃል» ይላል። እስቲ እንየው። ጤፍ ሙሉ እህል ነው። ምስርና ሽሮ አሰርና ፕሮቲን የሞላባቸው ናቸው። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ከባሕር ማዶ የሚመጡ አይደሉም። ገንዘባችንን የሚበላው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው፤ ከላውንጅ የሚገዛው ቦንቦሊኖ፣ ችብስና ለስላሳ።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ለስላሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ይህም ስምንት ወይም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዲት ለስላሳ ብቻዋን የተሻለውን ወሰን አልፋ ሄደች ማለት ነው። ከሁሉም ነገር አንድ ነገር ብቻ ለመተው የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከለስላሳ ጀምሩ።

ዘይትን በተመለከተ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ የሚረጋ ስብ ነው። የሚፈስ ዘይት ይሻላል፤ እርሱም በመጠኑ። ደጋግሞ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ግን ይቅርብን።

ቡና ለምትወዱ ደግሞ ደስ የሚል ወሬ አለ። በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን ያሳያሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ጠቅሷል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁበት ግን ስለ ሌላ መጠጥ እያወራን ነው።

የረመዳን ነገር ለብቻው ይነሳ። ጾሙ ለሆዳችን ዕረፍት ነው፤ ከመግሪብ በኋላ የምናደርገው ግን ዕረፍቱን ሊያፈርሰው ይችላል። በቴምርና በውኃ አፍጥረን፣ ሾርባ ቀምሰን፣ ሰግደን መመለስ አንድ ነገር ነው። አራት ሳምቡሳ፣ ሙሸበክና ሁለት ለስላሳ በአንድ ቁጭታ ሌላ ነገር ነው። ሆዳችንን ጥግ ድረስ እንዳንሞላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን አደብ ለጉበታችንም ምሕረት ነው።

ክብደታቸው ለጨመረና ጉበታቸው ላይ ስብ ለተገኘባቸው ደግሞ ጥናት የሰጠው ተስፋ አለ። ከሰውነት ክብደት አምስት በመቶ መቀነስ የጉበት ስብን ይቀንሳል፤ ከሰባት እስከ አሥር በመቶ መቀነስ ብግነቱንም ያበርዳል። ለ80 ኪሎ ሰው አምስት በመቶ ማለት አራት ኪሎ ነው። በእግር መሄድ፣ ኳስ መጫወት፣ ከዶርም እስከ ክፍል ፈጠን ብሎ መራመድ ሁሉ ይቆጠራል።

ምግብ ምርመራን አይተካም

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» እየተባለ ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሥር ማሽ የሚኬድበት ጊዜ አሁንም አለ። የዓይን ቢጫነት የጉበት ወይም የሐሞት መስመር ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ሳምንት ደግሞ አይመለስም። «ጉበት ያጥባል» ተብለው ከሚሸጡ ቅጠላ ቅጠሎችም አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን ይጎዳሉ። ጥቁር አዝሙድና ማር መጠቀም መልካም ነው፤ ግን የደም ምርመራ ቦታ አይተኩም።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጥቂት ደም ብቻ የሚጠይቅ ቀላል ምርመራ ነው። ነጻ ሆኖ የተገኘና ያልተከተበ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በሚሰጥ ክትባት ይጠበቃል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ደግሞ ክትትል ይደረግለታል፤ ካስፈለገው ቫይረሱን የሚያፍን መድኃኒት ይጀምራል፤ ይህም የካንሰሩን አደጋ ይቀንሳል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በጥቂት ወራት እንክብል ብዙ ጊዜ ፈጽሞ ይድናል። ማወቅ የሚያስፈራውን ያህል አለማወቅ ሊያስፈራን ይገባል።

ከዚህ ወር ምን እንጀምር?

እያንዳንዳችን ለራሳችን፦ በሳምንቱ የምንጠጣውን ለስላሳ እንቁጠር፤ ከዚያ በግማሽ እንቀንስ። ከምሳችን ጋር ጎመን ወይም ምስር አይጥፋ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ግቢያችን ክሊኒክ ሄደን ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት እንጠይቅ።

እንደ ጀመዓ ደግሞ ሁለት ሐሳብ እናቅርብ። አንደኛ፣ የኢፍጣርና የፕሮግራም ኮሚቴዎቻችን ለስላሳውን በውኃና በፍራፍሬ ይተኩ፤ ወጪውም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የጤና ተማሪዎች የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ የምርመራ ቀን አዘጋጁልን።

ያ ወንድማችን «እኛን ምን አገባን?» ላለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ሰውነታችን አማና ነው። ከሐራም መራቅ የአማናው አንድ ክፍል ነው፤ ሃላሉን በመጠን መጠቀም ሌላው ክፍል ነው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትን ያሽርልን። አሚን።

ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።